አጥሩ ሊፈርስ ነው፤ አማሪሊስ፣ ግላዲዮለስና ካላ በሰኔ ማዛወር ይቻላል?

የጓሮ ደጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ዋልካ። አጥሩ ሰኔ 10 አካባቢ ፈርሶ በብሎኬት ስለሚሠራ ከሥሩ ያሉት አበቦች በሙሉ መነሳት አለባቸው። ወደ 40 የሚጠጉ የአማሪሊስ ኮረቶች (ሽንኩርቱን ማለቴ ነው) አሉ። ለዓመታት ስላልተነኩ ተጨናንቀው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ወጥቷል። አበባቸውን ጨርሰዋል፤ ቅጠላቸው ግን ለምለም ነው። ሁለት ረድፍ ግላዲዮለስም አለ፤ አንዱ ረድፍ አሁን አብቧል፣ የሌላው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። ቧንቧው ጋ ደግሞ አንድ ትልቅ የካላ ቁጥቋጦ አለ።

አዲሱ ቦታ ከቤቱ ጀርባ፣ አቮካዶው ሥር ነው። አሁን ነቅሎ ወዲያው መትከል ይሻላል ወይስ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር? ቅጠሉ ይቆረጣል? ምን ያህል ጥልቀት ይፈልጋል? ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቆፍሬ ጥሩ አፈርና ፍግ ልሞላበት አስቤያለሁ።

ቀይ አፈር

ጉድጓዱን ገና ካልቆፈሩ አይቆፍሩት። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ወቅቱ።

«ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው» የሚለው ልማድ ለዛፍ ትክክል ነው፤ የዛፍ ችግኝን የሚገድለው ጥማት ነውና። ሽንኩርት ያለው አበባ ግን ውሃውንም ስንቁንም በሆዱ ይዟል። ጥማቱን ለወራት ይችለዋል፤ የሚገድለው ቁስሉ ሳይደርቅ ውሃ በቆመበት ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ መቀመጡ ነው። በሐምሌ ዋልካ ውስጥ አዲስ የተነቀለ አማሪሊስ መትከል ደግሞ ይኸው ነው። አማሪሊስ ከቀይ ሽንኩርት በአንድ ነገር ይለያል፦ ሥሩ በየዓመቱ አይረግፍም። እንደ ሲባጎ የወፈረው ነጭ ሥር ከዓመት ዓመት ይኖራል። ሲበጠስ ጫፉ እንደ ተከፈተ ቱቦ ነው፤ ብስባሴ በዚያ ይገባል።

የአማሪሊስ ትክክለኛ የማዛወሪያ ጊዜ ደረቁ ወቅት ነው፤ በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ እስከ ጥር አጋማሽ፣ ቅጠሉ ሲደክምና አዲስ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት። እርስዎ ግን መጠበቅ ስለማይችሉ መንገዱ አንድ ነው፦ አሁን ከነአፈሩ ያንሱት፣ ክረምቱን በዕቃ ውስጥ ከጣሪያ ጥላ ሥር ያሳልፈው፣ መሬት ውስጥ የሚገባው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይሁን። ያኔ ዋልካው ጠፍፏል፣ ሥሩም በዕቃው ውስጥ ተያይዟል። ከነጓሉ ስለሚገባ እንደ ንቅለ ተከላ አይቆጠርም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ዋልካ ደረቅ ሲሆን ድንጋይ ነው፣ ሥር ይበጥሳል፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሙጫ ነው። ከሁለት ቀን በፊት በደንብ ያጠጡትና በሦስተኛው ቀን አንድ እፍኝ ጨብጠው ይልቀቁት። ከተፈረፈረ ጊዜው ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አንድ ቀን ይጨምሩ። ከዳር ካለው ኮረት 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለው፣ አጭርና ወፍራም ጥርስ ያለውን የአትክልት መንሽ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያስገቡ። ዙሪያውን ያለውን አፈር አላልተው ጓሉን በሙሉ ከሥር ያንሱት። አካፋ ከሆነ ያለዎት በጣም ርቀው ይጀምሩ፤ አካፋ ኮረት ለሁለት ይከፍላል። ቅጠሉን ይዞ መጎተት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሽንኩርቱ ራሱ የቅጠል ግርጌ ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ቅጠሉ ሲጎተት አንገቱ ውስጥ ይቀደዳል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ውሃ ወደ ልቡ ይወርዳል።

ቅጠሉ አይቆረጥም። አንድ አማሪሊስ በግምት 4 ቅጠል ባወጣ ቁጥር አንድ የአበባ እንቡጥ በሆዱ ይቋጥራል። የሚቀጥለው ዓመት አበባ አሁንም ውስጡ አለ፤ የዛሬው ቅጠል የሚሠራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ቢያብብ «ተሳካ» አይበሉ፤ የድሮውን ስንቅ እየበላ ነው። ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው በሁለተኛው ዓመት አበባ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲጠፋበት ምክንያቱን በአፈር ወይም በማዳበሪያ ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ግን በተዛወረበት ቀን «እንዳይከብደው» ተብሎ የተቆረጠው ቅጠል ነው። የሚቆረጠው የደረቀው የአበባ ዘንግና ዘር የያዘው ፍሬ ብቻ ነው።

ስለ መለያየቱ፦ በእጅ ሲነካ በራሱ የሚላቀቀውን ልጅ ብቻ ይለዩ። መጠኑ ቢያንስ የዶሮ እንቁላል ይሁን፣ የራሱም ሥር ይኑረው። ከዚያ ያነሰው ከእናቱ ጋር ይቆይ። ሥር የሚወጣበት የታችኛው ጠፍጣፋ ክፍል፣ መቀመጫው፣ ከተሰነጠቀ ኮረቱ ከባድ አደጋ ላይ ነው፤ በግድ የተለየ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናቱን መቀመጫ ገምሶ ነው የሚሄደው። የቆሰለ ካለ በጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንፊት ወይም ጆንያ ላይ 3 ቀን አድርቀው ይትከሉት።

ለዕቃ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ራሱን ቆርጦ መጠቀም ይበቃል። ከሥሩ 8 ያህል የጣት ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ 4 ወይም 5 ትልልቅ ኮረት ይይዛል። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ይሁን፤ ግንበኞች ለሙሌት የሚጠቀሙበትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው የምለው፣ ደቃቁን። አንገቱና የሽንኩርቱ ሲሶ ከአፈር በላይ ይታይ። ሙሉ በሙሉ የተቀበረ አማሪሊስ ቅጠል ያወጣል እንጂ እምብዛም አያብብም፤ በክረምት ደግሞ አንገቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል። አንድ ጊዜ አጥግበው ያጠጡት፤ ከዚያ የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ። ጣሪያ ሥር ሐምሌ ላይ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ሊሆን ይችላል። ከአሸንዳው መውረጃ ያርቁት።

አሁን ጉድጓዱ። ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት ገንዳ መሥራት ነው። የዙሪያው ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ የተሞላው አፈር ግን ይጠጣል፤ ስለዚህ የጓሮው ውሃ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ዋልካ ላይ የሚሠራው ከፍ ማድረግ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የተነሳ መደብ፣ ዳሩ በድንጋይ ወይም በተረፈ ብሎኬት የታጠረ። ዋልካው ላይ ጥቂት አሸዋ መበተንም አይረዳም፤ ጭቃና አሸዋ ተጋግሮ ጡብ ይሆናል። ኮምፖስት ነው የሚያላላው።

አቮካዶ ሥር አይሆንም። ጥላው ዓመቱን ሙሉ ነው፣ ሥሩም ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ምግቡን ይሻማል። ቢያንስ 5 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ በተለይ የጠዋት ፀሐይ ያለው ቦታ ይፈልጉ።

ባለ ረድፍ

አማሪሊሱ በደንብ ተብራርቷል፤ እኔ ግላዲዮለሱን ልጨምር። የእሱ ነገር ፍጹም ሌላ ነው፣ በአማሪሊስ ሕግ ከተያዘ ይበላሻል።

የግላዲዮለስ ኮረት ቢቆረጥ እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን አይደለም፤ እንደ ጎደሬ ድፍን ነው። አንድ ኮረት የሚኖረው አንድ ወቅት ብቻ ነው። ሲያብብ አሮጌው እየተሟጠጠ አዲሱ በራሱ ላይ ይሠራል፤ አዲሱን የሚያወፍረው ከአበባው በኋላ ያለው ቅጠል ነው። ለዚህ ነው አበባው ካለቀ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይነካ መቆየት ያለበት።

ስለዚህ ሁለቱ ረድፎች በሁለት መንገድ ይያዙ። ቢጫ የጀመረውን ያለ ስጋት ይንቀሉት። ግንዱን ከኮረቱ በላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፤ አፈሩን በእጅ ያራግፉት እንጂ በውሃ አይጠቡት። ዝናብ በማይነካው፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አንድ ረድፍ አድርገው ያስጡት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ከሥር ያለው የተጨማደደ አሮጌ ኮረት በአውራ ጣት ሲገፋ ቀጭ ብሎ ይላቀቃል። ካልተላቀቀ ገና አልደረቀም፤ በቢላ አይፈልቅቁት። አሮጌውን ይጣሉት፣ አዲሱን ከነቡናማ ልባሱ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ይስቀሉት። ፌስታል ውስጥ ከገባ በሳምንቱ ሻጋታ ነው።

በዙሪያው ሽንብራ ሽንብራ የሚያካክሉ ጠንካራ ፍሬዎች ያገኛሉ። አይጣሉ፣ ዘር ናቸው። ሲተከሉ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አድረው 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይግቡ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወቅት ያብባሉ።

አሁን ያበበውን ረድፍ አበባውን ለቤት ይቁረጡት፤ ነገር ግን ቢያንስ 4 ቅጠል ግንዱ ላይ ይቅር። ከዚያ ከነአፈሩ በአካፋ ብሎክ ብሎክ አድርገው፣ ሥሩን ሳያራግፉ፣ በፕላስቲክ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያቆዩት። ቅጠሉ እስኪጠወልግ እንዲሠራ ነው። ኮረቱ እንደ ሌላ ጊዜ አይወፍርም፤ በሚቀጥለው ወቅት ዘንጉ ቢያጥር አይደንግጡ።

መልሶ ለመትከል ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ጥሩ ናቸው። ከተከላ እስከ አበባ ከ70 እስከ 100 ቀን ስለሚወስድ አበባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል፤ ከባድ ዝናብ ዘንጉን አይደፋውም። ትልልቁ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከል 15 ሳንቲ ሜትር። ጥልቅ መትከሉ ድጋፍ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተተከለ ሁሉ ዘንጉ ሲከብድ ከነሥሩ ይጋደማል። አሥር አሥር አድርገው በየሁለት ሳምንቱ ከተከሉ አበባው ከአንድ ወር በላይ ይቀጥላል።

ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካለና እንቡጡ ሳይከፈት ከደረቀ ትሪፕስ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳት ናት፤ ከኮረቱ ልባስ ሥር ተደብቃ ትከርማለች። ያንን ረድፍ ከሌላው ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አያስቀምጡ። ፍልፈል ካለ ደግሞ አማሪሊሱን መርዛም ስለሆነ ይተወዋል፣ ግላዲዮለሱን ግን ይጨርሰዋል። መደቡ ሲሠራ ከሥሩ የዶሮ ሽቦ ያንጥፉ።

እግረ መንገዴን፦ ውጭ ሀገር የምትኖሩ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ ሲሸጥ የምታዩት ነጩ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነው፣ ሽታው የሚያውድ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ በዱር የሚበቅል ነው። አያያዙ ያው ነው፤ መሬቱ በረዶ በሚያደርግበት ሀገር ግን ብርዱ ከመግባቱ በፊት ተነቅሎ ቤት ውስጥ ይከርማል።

የጓሮ ደጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማሪሊሱን ማንሳት ጀመርኩ። ሦስቱ ሲጫኑ ይሰረጉዳሉ። ሌሎች አምስት ስድስት የሚሆኑት ደግሞ ቅጠላቸው ላይ ቀይ ጭረት አለ፤ ሽንኩርቱም ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ይጣሉ? ጎረቤት አመድ ነስንሺበት ብላኛለች።

የቅጠል ሐኪም

ቀይ ስላዩ ብቻ አይጣሉ። አማሪሊስ የትም ቦታ ሲቆስል ቁስሉ ቀይ ሆኖ ነው የሚጠግገው፤ በጥፍር ቢጫር እንኳ ይቀላል። በሽታው ስታጎኖስፖራ የተባለው ፈንገስ ከሆነ ምልክቱ ከቀለም ያልፋል፦ ቀዩ ቦታ ይሰረጉዳል፣ ረጅም ቁስል ይሆናል፣ ቅጠሉ ወይም የአበባው ዘንግ እዚያ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ጣትዎን በጭረቱ ላይ ያስኪዱት። ለስላሳ ከሆነ ጠባሳ ነው፤ ጎድጎድ ካለና ጠርዙ ካበጠ ፈንገሱ ነው።

ፈንገሱ ካለ የታመመውን ቅጠል ብቻ ከግርጌው ይቁረጡ። ቢላውን በየኮረቱ መካከል አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ይህን የዘለለ ሰው በሽታውን ከአንዱ ወደ አርባው በቢላው ይወስደዋል። የላይኛውን ደረቅ ቡናማ ልባስ እየላጡ ነጩና ጠንካራው እስኪታይ ይሂዱ፤ ነጠብጣቡ ልባሱ ላይ ብቻ ከሆነ አብሮ ይወጣል። አድርቀው ለብቻው በተለየ ዕቃ ይትከሉት። መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ፣ ለምሳሌ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ቅጠሉ ላይ መርጨት ይረዳል። ከዚያ በኋላ ውሃ በአፈሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ ፈንገሱ የሚዛመተው በእርጥብ ቅጠል ነው።

የተሰረጎዱት ሦስቱ የሚለዩት በመቀመጫቸው ነው። ኮረቱን ገልብጠው መቀመጫውን በአውራ ጣት ይጫኑ። ጠንካራ ከሆነና ከጎን ብቻ ከለሰለሰ፣ የለሰለሰውን ሽፋን ገፈው ይድናል። መቀመጫው ከሰመጠ ወይም ከሸተተ አዲስ ሥር ከየትም አይወጣም፤ ይጣል፣ ኮምፖስት ውስጥም አይግባ። የመሐል ቅጠሉ ሲነካ ተነቅሎ ቢወጣና መቀመጫው ግን ደህና ቢሆን ልቡ ሞቷል ማለት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከጎን ልጆች ሊያበቅል ስለሚችል በደረቅ አፈር ላይ ይቆይ።

አመዱ ላይ ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ደረቅ የእንጨት አመድ የተቆረጠ ቦታን ያደርቃል፤ የተነፋ ደቃቅ አመድ ቁስሉ ላይ ብቻ ነካ ማድረግ ይበቃል። እፍኝ እፍኝ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ግን ሥር ያቃጥላል። ዩሪያም አሁን አይጨምሩ፤ ቅጠሉን ያፋፋና ሽንኩርቱን ያለሰልሰዋል።

ጓንት ያድርጉ። ውሻ ካለ ደግሞ የተላጠውን ልባስ ሜዳ ላይ አይተዉ፤ አማሪሊስ ላይኮሪን የተባለ መርዝ አለው፣ ውሻ ቢያኝከው ያስታውከዋል። በገጠር የጅብ ሽንኩርት ከሚባሉት የዱር አበቦች አንዳንዶቹም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከምግብ ሽንኩርት ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥ።

ባለ ረድፍ

ካላው ተረስቷል። እሱ ብቻ ነው በክረምት መዛወር የሚወደው። ውሃ ዳር የሚኖር ተክል ስለሆነ ዋልካም እርጥበትም አያስፈራውም፤ ስለዚህ ሰኔ ላይ ቀጥታ ወደ ቦታው ይሂድ፣ አቮካዶው ዳር ያለውን ከፊል ጥላም ለእሱ ይስጡት። ሥረ ግንዱ እንደ ዝንጅብል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ይዞ ይቆረጥ፣ አንድ ቀን ይድረቅ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት። የውጭኛው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ያንን መቁረጥ ይቻላል፣ ከመሐል አዲስ ይመጣል። የጎደሬ ዘመድ ስለሆነ ፈሳሹ ልክ እንደ ጎደሬ ያሳክካል፤ ቆዳ ላይ የሚወጋው የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቢኖርም አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው።

ጉለሌ ዳር

ጥያቄ ልጨምር። ከሆላንድ የመጣ ቱሊፕ አለ፤ ከአማሪሊሱ ጋር አንድ መደብ ላይ ይሆናል?

ቀይ አፈር

አንድ መደብ ላይ አይስማሙም። ቱሊፕ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ አይበቃውም። በካኪ ወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ በአትክልት መሳቢያው ያቆዩት፤ ነገር ግን ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ከዚያ ይውጡ፣ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን እንቡጡን ውስጡ ይገድለዋል። ከዚያ በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በዕቃ ይተከል። የአንድ ዓመት አበባ አድርገው ይቁጠሩት፤ እዚህ ደጋግሞ አያብብም።

የጓሮ ደጅ፣ አንድ የቀረ ነገር። ጥቅምት ላይ አንዳንዱን ወደ አዲሱ አጥር ሥር መመለስ ከፈለጉ ግንበኞቹ የሚደፉት የሲሚንቶ ውሃና የኖራ ፍርፋሪ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አስወጥተው በሌላ ይቀይሩ፤ ከግንቡም 40 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በላዩ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ኖራ ነው። ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት ከግንበኛው ጋር ተነጋግረው ሲሚንቶ የሚቦካበትን ቦታ በሌላ በኩል ያስደርጉት።